«ውሃ ብጠጣም ያወፍረኛል»፦ የአንጀት ባክቴሪያና የውፍረት ነገር

መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ ይህን ያልሰማ የለም። አንዷ ክትፎዋን ጨርሳ፣ ማኪያቶዋን በሦስት ማንኪያ ስኳር አጣጥማ ትነሣለች። ወገቧ ግን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ነው። ጎኗ የተቀመጠችው ግማሽ እንጀራ በልታ እጇን ትታጠብና «እኔኮ ውሃ ብጠጣም ያወፍረኛል» ትላለች። ሁሉም ይስቃል። «ማታ የምትበዪውን ማን አየው!» የሚል ተረበኛም አይጠፋም።

ውሃ አያወፍርም፤ ይህን እዚሁ እንዝጋው። የገባው ካሎሪ ከወጣው ሲበልጥ ሰውነት ያጠራቅማል፣ ሲያንስ ካጠራቀመው ያወጣል። ይህ ሒሳብ ዛሬም አልተሻረም። ግን «የገባው» ስንል የዋጥነውን ነው ወይስ ደማችን ውስጥ የደረሰውን? ሁለቱ አንድ አይደሉም። መሃል ላይ ያልቆጠርነው በላተኛ አለ። እሱም ትልቁ አንጀታችን ውስጥ የሰፈረው የባክቴሪያ መንጋ ነው።

ስለዚህ መንጋ በየቦታው ብዙ ይወራል። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ደግሞ የሚሸጥ ክኒን ያለው ሰው ወሬ ነው። እስቲ እንለያቸው።

ሁለተኛው ዙር

የሠርግ ድንኳን አስቡ። መጀመሪያ የሚስተናገዱ እንግዶች አሉ። እነሱ ጠግበው ሲነሡ ሁለተኛው ዙር ይገባል። ለሁለተኛው ዙር የሚደርሰው የመጀመሪያው የተወው ነው።

ሆዳችንም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዙር ትንሹ አንጀት ነው። ስሙ ትንሽ ይሁን እንጂ ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ስኳሩን፣ ስታርቹን፣ ስቡን፣ ፕሮቲኑን በአብዛኛው እዚያ ለቅመን እንጨርሳለን። እዚያም ባክቴሪያ አይጠፋም፤ ግን ጥቂት ነው። የጨጓራ አሲድና ሐሞት አያስቀምጡትም፣ ምግቡም ቶሎ ያልፋል። ቀጥሎ 1.5 ሜትር የሚያህለው ትልቁ አንጀት ይመጣል። እዚህ ጉዞው ይዘገያል፣ ሙቀቱ ምቹ ነው፣ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። መንጋው የከተመው እዚህ ነው።

ብዛቱስ? ለረጅም ጊዜ «ለአንድ የሰው ሕዋስ 10 ባክቴሪያ አለ» ሲባል ኖሯል። በ2016 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ ነው) የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እንደገና አሰሉት። 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ፣ 30 ትሪሊዮን የሰው ሕዋስ። እኩል ለእኩል ሊባል ምንም አልቀረው። ሁሉም ተሰብስቦ ቢመዘን 200 ግራም ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ እርጎ በሉት።

ለእነዚህ የሚተርፈው በዋናነት ፋይበር ነው፤ በአማርኛ አሰር የሚሉትም አሉ። የባቄላ ገለፈት፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የጎመን ግንድ፣ የተልባ ዝልግልግ ሁሉ ፋይበር አለባቸው። ስታርች የምንቆራርጥበት ኤንዛይም ሰውነታችን ይሠራል። አብዛኛውን ፋይበር የምንቆራርጥበት ግን አልተሰጠንም። ባክቴሪያዎቹ አላቸው።

አሁን ሁለት ምሳ ተከትለን እንውረድ። አንዱ ነጭ ዳቦ በማርማላታ ነው፤ ከላዩ አንድ ለስላሳ አለ። ይህ ምሳ ትንሹን አንጀት ሳይጨርስ ያልቃል። ስኳሩ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል፣ ቆሽት ኢንሱሊን ይዛ ትሯሯጣለች፣ ታች ያሉት ደግሞ ባዶ ትሪ ይጠብቃቸዋል። ሌላው የድፍን ምስር ወጥ በጤፍ እንጀራ ነው፤ ጎኑ ላይ ጎመን አለ። ከዚህ ውስጥ ብዙው እላይ ተፈጭቶ ይገባል። ገለፈቱ፣ ግድግዳው፣ ያልተፈጨው ስታርች ግን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ዙር በላ ማለት ነው።

ትሪው ባዶ ሲሆንስ? ጦማቸውን አያድሩም። ፋይበር በተከለከሉ አይጦች ላይ እንደታየው፣ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች የአንጀቱን ግድግዳ የሸፈነውን ንፍጥ መብላት ይጀምራሉ። ያ ንፍጥ አጥራችን ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ፈጽሞ ሊፈጫቸው የማይችላቸው ስኳሮች አሉ። ጥቂት አይደሉም፤ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛ ናቸው። ልጁ የማይጠቀምበትን ነገር ጡት ለምን ይሠራል? የተሠራው ለልጁ ስላልሆነ ነው። ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉት የሕፃኑ አንጀት ነዋሪዎች ናቸው የሚበሉት። እናት በአንድ ጡት ልጇንም እንግዶቹንም ታጠባለች።

በልተው ዝም አይሉም

ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ሲያብላሉ ትናንሽ የስብ አሲዶች ይተዋሉ። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት። አሲቴት ከአቼቶ ጋር አንድ ዘር ነው። ቡቲሬት ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቅቤ ነው። የቆየ ቅቤ ዕቃው ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው ሽታ አለ አይደል? ከዚያ ሽታ ጀርባ ያለው አንዱ እሱ ነው።

ይህ የሚሸት ነገር ለትልቁ አንጀት ሕዋሶች ዋና ቀለባቸው ነው። ከሚያስፈልጋቸው ኃይል 70 በመቶ ያህሉን ከእሱ ያገኛሉ። ሌላው የሰውነት ክፍል ከደም ሲቀለብ፣ የአንጀት ግድግዳ ግን የሚቀለበው ከባክቴሪያ እጅ ነው። ቀለቡ ሲያንስ ግድግዳው ይሳሳል።

እነዚሁ አሲዶች የአንጀት ሆርሞን አመንጪ ሕዋሶችን ይነካሉ። ከሚወጡት ሆርሞኖች አንዱ ጂኤልፒ-1 ነው። ሥራው ብዙ ነው፦ ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲራገፍ፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንድትለቅ፣ አንጎል «በቃኝ» እንዲል ያደርጋል። ስሙ አዲስ ከመሰላችሁ ኦዜምፒክን አስታውሱ። ሆሊውድም ቦሌም ስሙ የሚነሣው መርፌ የዚህ ሆርሞን አምሳያ ነው።

እዚህ ላይ ግን ፍሬን እንያዝ። «ባቄላ የተፈጥሮ ኦዜምፒክ ነው» የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። የራሳችን ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ የሚቆየው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። መድኃኒቱ ሳምንት እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ባቄላው መልእክቱን ያስተላልፋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ማይክ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ይጮሃል። አንድ ደረጃ ላይ አይቀመጡም።

ግድግዳው ሲሳሳ ሌላ መዘዝ አለ። የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ገላ ልባስ ስብርባሪ ወደ ደም ሾልኮ ይገባል። የቤልጅየሙ ፓትሪስ ካኒና ባልደረቦቹ በ2007 በአይጦች ላይ ይህን አሳዩ፤ ስብ የበዛበት ምግብ ሲበሉ ይህ ስብርባሪ ደማቸው ውስጥ ጨመረ። የሰውነት ዘበኞች ስብርባሪውን እንደ ወራሪ ስለሚያዩት ይቆጣሉ። ቁጣው እንደ ቁስል አይነድም፣ አያተኩስም። አመድ የሸፈነው ረመጥ ዓይነት ነው። ይህ ረመጥ ዓመት ከዓመት ሲከርም ጉበትና ጡንቻ ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ቆሽት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ኢንሱሊን ትጨምራለች። አንድ ቀን ይደክማታል። የዓይነት 2 የስኳር በሽታ መንገድ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ባክቴሪያ ብቻውን ያመጣዋል አላልኩም። መንገዱ ላይ ግን አለበት።

አይጦቹ ያስነሡት አቧራ

ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ማውራት የጀመረው በአንድ ቤተ ሙከራ የተነሣ ነው። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ። የቡድኑ መሪ ጄፍሪ ጎርደን ይባላል።

እነ ጎርደን ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ባክቴሪያ ያልነካቸው አይጦች ያሳድጋሉ። አየሩም ምግቡም ተጣርቶ ነው የሚገባላቸው። እነዚህ አይጦች ከሲታ ናቸው። በ2004 ለእነዚህ ከሲታዎች ከመደበኛ አይጥ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ሰጧቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሚገርመው፣ ከበፊቱ ያነሰ እየበሉ ነው የወፈሩት። አሁን በዚያች የምሳ ሰዓት ልጅ እንደ በፊቱ አንስቅባትም።

በ2006 ቀጠሉ። ከወፍራም አይጥና ከቀጭን አይጥ የተወሰደውን ባክቴሪያ ለየብቻ ሰጡ። የወፍራሙን የወሰዱት የበለጠ ስብ ያዙ።

በ2013 የመጣው ግን ከሁሉም ይበልጣል። አንዷ ወፍራም አንዷ ቀጭን የሆኑ አራት ጥንድ መንታ ሴቶች ተገኙ። ከሰገራቸው ባክቴሪያ ተወስዶ ለአይጦች ተሰጠ። የወፍራሟን የወሰዱ አይጦች ስብ ጨመሩ፣ የቀጭኗን የወሰዱት ቀጭን ሆነው ቀሩ። ከዚያ ሁለቱን ዓይነት አይጦች አንድ ጎጆ ውስጥ ከተቷቸው። አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ይበላሉ፤ ምሳ ላይ ላላችሁ ይቅርታ። በዚህ መንገድ የቀጭኖቹ ባክቴሪያ ወደ ወፍራሞቹ ተሻገረና ውፍረቱን ገታው።

ዜናው እዚህ ላይ ቆመ፤ ጥናቱ ግን አልቆመም። የቀጭኖቹ ባክቴሪያ የሰፈረው አይጦቹ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ስብ ያነሰበት ምግብ ሲበሉ ብቻ ነው። ምግቡ ወደ ስብ የበዛበትና ፋይበር ያነሰበት ሲቀየር ባክቴሪያው ሊሰፍር አልቻለም። በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ምርምር ቁልፍ ቃል ይህች ናት። እርሾ ብቻውን ሊጥ አይሆንም።

ሰው ላይ ሲመጣ

አይጥ ላይ ይህን ያህል ከሠራ፣ ሰው ላይ ባክቴሪያ መቀየር ነዋ! ተሞከረ። አምስተርዳም ውስጥ በ2012 የወጣ ጥናት ነበር። ሜታቦሊዝማቸው፣ ማለትም ሰውነታቸው ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበት ሥርዓት፣ የተቃወሰ ወንዶች ከቀጫጭን ለጋሾች ሰገራ የተዘጋጀ ባክቴሪያ ወሰዱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ሰጠ። ክብደታቸው ግን አልቀነሰም። ቦስተን ላይ በካፕሱል መልክ ተሰጥቶም በ2020 የወጣው ውጤት ያው ነው፤ ባክቴሪያው ተሻገረ፣ ኪሎው ንቅንቅ አላለም።

ሌላም የተነፈሰ ፊኛ አለ። አንድ ሰሞን «ፈርሚኪዩትስ የሚባሉት የባክቴሪያ ወገኖች ባክቴሮይዴትስ ከሚባሉት ሲበዙ ሰው ይወፍራል» ተባለ። ቀላል ስለሆነ ተወደደ። ብዙ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ ግን ይህ ሚዛን በሰው ላይ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። የሰገራ ናሙና ልከው «ሚዛንህ እንዲህ ነው» የሚል ወረቀት በዶላር የሚገዙ ሰዎች አሉ። ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

ታዲያ ሰው ላይ ምንም የለም? አለ። ግን መነሻው ባክቴሪያው ሳይሆን ምግቡ ነው።

በ2015 የወጣውን አንድ ጥናት ልንገራችሁ። 20 ጥቁር አሜሪካውያን ከፒትስበርግ፣ 20 ደቡብ አፍሪካውያን ከገጠር። ለሁለት ሳምንት ሳህን ተለዋወጡ። አሜሪካኖቹ የገጠሩን በቆሎና ባቄላ፣ አፍሪካውያኑ ስብና ሥጋ የበዛበትን የአሜሪካ ምግብ በሉ። የአሜሪካኖቹ ፋይበር በቀን ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም ወጣ። በ14 ቀን ውስጥ ያ የቅቤ ዘር የሆነው ቡቲሬት በአሜሪካኖቹ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ፣ በአፍሪካውያኑ በግማሽ ወረደ። የጥናቱ ዋና ጥያቄ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር እንጂ ውፍረት አልነበረም። እኔን የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። የስንት ዘመን አመጋገብ ያቆየው ነገር በሁለት ሳምንት ተገለበጠ።

ሰው አገር ሲቀይርም ይታያል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ሚኒሶታ የገቡ የሞንግና የካረን ስደተኞች ተጠንተው በ2018 ውጤቱ ወጣ። አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ የባክቴሪያ ዓይነታቸው መመናመን ጀመረ። ፋይበር የሚያብላላው ፕሬቮቴላ ቦታውን ለባክቴሮይድስ እየለቀቀ ሄደ። በቆዩ ቁጥር ባሰ፣ በልጆቻቸው ደግሞ ይበልጥ ጠነከረ።

ይህን ሳነብ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል ትዝ አሉኝ። ከጎንደር ገጠር ሲወጡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር። በ1980ዎቹ የገቡት ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጥቂት ዓመት እንደኖሩ ከመቶው ወደ 9 የሚጠጉት የስኳር በሽታ እንደያዛቸው አሳየ። ያኔ ባክቴሪያቸውን የቆጠረ የለም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት አይቻልም። የእግር ጉዞው ቀርቷል፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጥቷል፣ የስደት ጭንቀት አለ። ዲሲም፣ ስቶክሆልምም፣ ዱባይም ዘመድ ያለው ሰው ግን ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም። ሰው በሄደ በሁለት ዓመቱ የላከውን ፎቶ አይታችሁ «ተስማማው!» ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው?

የጎደለችው ካሎሪ

ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ውስጥ 17 ሰዎች ተዘግቶባቸው ሁለት ዓይነት ምግብ በየተራ በሉ። አንዱ ፋይበር የበዛበት፣ ሙሉ እህልና ያልተፈጨ ነገር ያለበት ነው። ሌላው የተፈተገ፣ የተቀነባበረ፣ ፋይበር ያነሰበት። የሚገባውም የሚወጣውም ተመዘነ። አዎ፣ የሚወጣውም። በ2023 የወጣው ውጤት ይህ ነው፦ ሰዎቹ የፋይበሩን ምግብ ሲበሉ ከሌላው ምግብ ይልቅ በቀን በአማካይ 116 ተጨማሪ ካሎሪ ሰውነታቸው ሳያገኘው በሰገራ ወጣ፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በልተው በዝተውበታል።

116 ካሎሪ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጥቂት ያንሳል። ተአምር አይደለም። በየቀኑ ለዓመት ሲጠራቀም ግን ቦርጭ የሚለየው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ነው።

ሌላም ሙከራ አለ። በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ኬቪን ሆል 20 ሰዎችን አስቀምጦ ሁለት ሳምንት ፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ቤት የሚሠራ ዓይነት ምግብ አቀረበላቸው። ስኳሩ፣ ስቡ፣ ጨው፣ ፋይበሩ ሳይቀር እኩል እንዲሆን ተደርጓል። «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። ፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ አንድ ኪሎ ያህልም ወፈሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የፋብሪካው ምግብ ፋይበር ስለሚያንሰው፣ እኩል ለማድረግ ፋይበሩን ሎሚናት ውስጥ በጥብጠው ነው የሰጧቸው። ፋይበር በዱቄት መልክ ተጨምሮ ገለፈት አይሆንም።

እንጀራስ?

ይህን ጽሑፍ እየጠበቀ «እንጀራ ፕሮባዮቲክ ነው!»፣ ማለትም ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ አለው፣ ሊል የተዘጋጀ ሰው አለ። ላሳዝነው ነው።

ሊጡን እንየው። ጤፉ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይከርማል። ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ይጠልላል። ክዳኑን ስትከፍቱ የሚመጣው የጎምዛዛ ሽታ የባክቴሪያና የእርሾ ሥራ ነው፤ ሊጡ በሕይወት አለ። ከዚያ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ ይላል፣ ጋለ ምጣድ ላይ ይዞራል። ዓይን ማውጣት ሲጀምር እዚያ የነበሩት ሁሉ በእንፋሎት አለቁ። ሰፌድ ላይ የሚያርፈው እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ የለውም።

ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። መብላላቱ፣ እህሉ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ይዞ የሚያስቀርብንን ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሰዋል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ እንደ ስንዴ ገለፈቱ አይፈተግም፤ ማኛም ሆነ ቀይ፣ ሙሉ እህል ነው የምንበላው። የሁለተኛው ዙር ድርሻ አብሮ ይፈጫል። ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ ላይ ግን ይህ ድርሻ ይቀንሳል። ውጭ አገር በስንዴ ዱቄት የሚጋገረውም እንደዚያው። ደግሞስ ፋይበር አለው ተብሎ ሦስት እንጀራ አይጠቀለልም፤ ስታርቹ ስታርች ነው።

በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የፈለገ እርጎና አሬራ አለለት። አይብ አሬራው እሳት ላይ ወጥቶ የሚሠራ ስለሆነ እንደ እርጎ አይቆጠርም። በ2021 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 36 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ እንደ እርጎ ያለ የተብላላ ምግብ፣ ለግማሾቹ ፋይበር አበዙላቸው። የተብላላውን የበሉት የባክቴሪያ ዓይነታቸው ሰፋ፣ ደማቸው ውስጥ ያሉት የዚያ ረመጥ ምልክቶችም ቀነሱ። የፋይበሮቹ ዓይነት በአማካይ አልሰፋም። እኔም ያልጠበቅሁት ነው። ምናልባት ከከተማ ሰው አንጀት አንዴ የጠፋ ባክቴሪያ ቀለብ ስለመጣ ብቻ ተመልሶ አይመጣም ይሆናል። እርጎ ስል ግን ወተቱ ፈልቶ ቀዝቅዞ የረጋውን ነው። ጥሬ ወተት ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል።

ጾማችን ለዚህ መንጋ የተሰናዳ ድግስ ነበር። ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ፣ አዚፋ፣ ጎመን፣ ተልባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመክራል፤ አንድ ሳህን ምስር ቢያንስ ሲሶውን ይሸፍናል። የከተማው ጾም ግን ተቀይሯል። ፓስታ በዘይት፣ ቺፕስ፣ ሳምቡሳ፣ የጾም ኬክ፣ ለስላሳ። ቅቤና ሥጋ የለበትም፣ እውነት ነው። ለሁለተኛው ዙር የሚተርፍም የለበትም። ቆሎና በሶ የድሃ ምግብ ተብለው ከቢሮ መሳቢያ ወጥተው ብስኩት ገባ። የገብስ ፋይበር ስኳር ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ እንደሚያደርግ ሳይንሱ በደንብ ያውቃል። ለበሶ የሚከራከርለት ማስታወቂያ ነው የጠፋው።

አንቲባዮቲክንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የአሜሪካ ገበሬዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለዶሮና ለአሳማ ትንሽ ትንሽ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ይሰጡ ነበር፤ ሳይታመሙ፣ ቶሎ እንዲያድጉላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን በ2006 ከልክሏል። እኛ ደግሞ ጉንፋን በያዘን ቁጥር ፋርማሲ ገብተን «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» እንላለን። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ አይነካውም። የሚነካው ታች ያሉትን ነው።

የሚሸጠው ክኒን

አከርማንሲያ የሚባል ባክቴሪያ በ2004 ሆላንድ ውስጥ ተለይቶ ታወቀ። በቀጫጭን ሰዎች ላይ በርከት ብሎ ስለተገኘ ዛሬ በውድ ይሸጣል። በ2019 ቤልጅየም ውስጥ በ32 ሰዎች ላይ ለሦስት ወር ተሞከረ። የኢንሱሊን ነገር ተሻሻለ፤ በክብደት ላይ ግን አስተማማኝ ለውጥ አልታየም። ደግሞ የተሻለ የሠራው በሙቀት የተገደለው ባክቴሪያ እንጂ ሕያው የሆነው አይደለም። «ስለዚህ የእንጀራው ሬሳም ይጠቅማል» ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። ባክቴሪያው ሌላ ነው፣ ማስረጃም የለኝም።

ውፍረት ደግሞ ከብዙ ቦታ ይመጣል። ዘር አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ጭንቀት አለ፣ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ወንበር አለ። በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰው አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ይህን ሁሉ ሰው ባክቴሪያ ብቻውን አላወፈረውም። በላተኛው እዚያው ሆኖ የሚቀርብለት ግን ተለውጧል።

እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት በዚህ በፋይበር ነገር ሞቅ ብሎኝ ነበር። በአንድ ሳምንት ከዳቦ ወደ ባቄላና ድፍን ምስር ዘልዬ ገባሁ። ሆዴ ከበሮ ሆነ። ስብሰባ ላይ ያሳለፍኩትን መከራ አልተርከውም። ጋዙ ሌላ ምንም አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተራቡ እንግዶች በአንድ ጊዜ ትሪ ሲወርድላቸው የሚያሰሙት ጫጫታ ነው። መደረግ የነበረበት ቀስ እያሉ መጨመር፣ ባቄላውን አሳድሮ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ውሃ መጠጣት ነው። የአንጀት ሕመም ያለበትና ለስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሳህኑን ከመገልበጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በሦስተኛው ሳምንት ጋብ አለልኝ። ምሳ ላይ ጎኔ የምትቀመጠው ያቺ ግማሽ እንጀራዋ ባልደረባዬም ወንበሯን መልሳ አስጠጋች።